የእኛ ቤት አበላል

«እማማ ቀስ በቀስ» ሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ፣ የሰው ካፖርት ከተንጠለጠለበት መስቀያ ሥር ተቀምጠዋል። ከመስቀያው የሚለዩበት ነገር ቢኖር፣ ዶክተሯ መስቀያውን አንድ ሁለቴ ዞር ብላ ማየቷ ነው።

«መዋጥ ያስቸገረው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትል ጠየቀች ዶክተሯ።

የጠየቀችው ማንን ነው? ምራታቸውን! ምራቲቱ ይህን ሰውዬ ያገኘችው ጢም አውጥቶ፣ ሙያ ይዞ፣ ጫማውን ራሱ ማሰር ከቻለ በኋላ ነው፤ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ነው የተረከበችው። የወለዱት፣ ያጠቡት፣ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ሾርባ አፉ ውስጥ የከተቱት እናቱ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ያንኑ አየር እየተነፈሱ፣ ከካፖርቱ ጋር ተሰልፈዋል።

«እኔ እንጃ፣» አለች ምራቲቱ። «ካገባሁት ጀምሮ እንዲሁ ነው።»

«ካገባሁት ጀምሮ!» አሉ እማማ ለካፖርቱ። «ዓለም የተፈጠረችው እሷ ስታገባ ነዋ።»

«እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ዝም ይበሉልን፤ ታማሚው እንዳይጨነቅ፣» አለች ዶክተሯ።

«ታማሚው» የተባለው ልጃቸው ነው። ታማሚው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የፕላስቲክ ሳፋ ታቅፏል። ምራቁ እንኳ አልወርድ ብሎት በየደቂቃው ሳፋው ውስጥ ይተፋል። በሙያው ሶፋ ሰሪ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ እሱ በሠራው ሶፋ ላይ ያልተቀመጠ ቂጥ የለም። ዛሬ ግን አንዲት ቁራጭ ሥጋ እሱኑ ሶፋ አድርጋው ደረቱ መሐል ተደላድላ ተቀምጣለች፤ ተነሺ ቢሏት አልነሳ ብላለች።

እናቱ ዝም አሉ። ዝም ማለት ግን እንደሌላው ሰው አፍ መዝጋት ብቻ አይደለም እሳቸው ዘንድ። ከንፈራቸውን ያሞጠሙጣሉ፣ ነጠላ ጫማቸውን ከመሬቱ ጋር ያፋጫሉ፣ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። ቢናገሩ የሚሻል ዝምታ ነው።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፤ ኪሷ ውስጥ እስክሪብቶ እንደ ጥይት ተደርድሯል። ሁሉንም ጠየቀች። ምራቲቱን ጠየቀች፣ ልጁን በምልክት ጠየቀች፣ አልጋ የሚገፋውን ሰውዬ እንኳ «ክፍሉ ተዘጋጅቷል?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ልጃቸውን ይዘውባቸው ሄዱ፤ ቱቦ በአፉ አስገብተው ሥጋዋን ሊያወጡ።

ወንበሩ ላይ እማማና የልጅ ልጃቸው ቀሩ። የልጅ ልጃቸው ጭራሮ ትባላለች፤ ለምን እንደተባለች ያያት ሁሉ ሳይነገረው ያውቃል። እናቷ የሰጠቻትን ብስኩት ይዛለች። ብስኩቱ የተሰጣት ገና ሲገቡ ነው። አሁንም ግማሹ እጇ ላይ ነው።

ሰፈሩ «እማማ ቀስ በቀስ» የሚላቸው ያለ ነገር አይደለም። እሳቸው ቤት ምግብ ሲቀርብ ሕግ አለ። ትንሽ ይቆረሳል። ይታኘካል፤ እንግዳ ቢኖር «እንዴ፣ ይቺ ነገር እስካሁን አላለቀችም?» እስኪል ድረስ ይታኘካል። ይዋጣል። ከዚያ እጅ ደረት ላይ ይደረጋል፣ አንድ ፉት ውኃ ይከተላል፣ ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው ቁራሽ የሚነሳው። ዳኛ ሞት ሲፈርድ እንኳ እንዲህ አይረጋጋም።

እጅ ደረት ላይ ማድረጉን «ምግብን ማክበር» ይሉታል። ከአባታቸው የመጣ ነው። አባታቸው ረጅም ቀጭን ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፤ ሥጋ አይነኩም፤ «ሥጋ የስግብግብ ምግብ ነው» ይሉ ነበር። ሳህናቸውን የሚጨርሱት ሁሉም ተነስቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ውሻው ተኝቶ ነው። ሲሞቱ ሣጥኑን የተሸከሙት ሰዎች እርስ በርሳቸው «ሰውዬው አሉበት?» ተባብለዋል ይባላል። ሌላ ቤት መሬት ይወረሳል፣ ወርቅ ይወረሳል። እነሱ ቤት ማኘክ ተወረሰ።

እማማ ይህን ውርስ እንደ ዘውድ ደፍተውት ኖሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ በዚህ ሊያፍርላቸው የሚነሳ ካለ ለራሱ ይፈር። «ፊደል የቆጠረውን አየሁት፣» ይላሉ፤ «መጽሐፉን ሳያኝክ ይውጣል፣ እንጀራ ፍለጋ ይሮጣል፣ ሲበላ ደግሞ እንደ ውሻ ነው።» ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው አንድ ቀን ምሳ ስትጋበዝ ሳህኗን ጨርሳ፣ ጣሪያውን አይታ፣ ግድግዳውን አይታ፣ ለመጋረጃው ስፌት አቃቂር አውጥታ ስታበቃ፣ የቤቱ ሰዎች ገና ከመጀመሪያው ድንች ጋር እንደተያያዙ ነበሩ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር፤» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ «እናንተ ቤት ግን ሳህን ላይ እያለ ነው የሚሄደው።»

«የቸኮለ ጅብ ቀንድ ነከሰ፣» አሉ እማማ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ።

ይህ ስድብ ነበር? ነበር። ግን ሰዓቱን ጠብቆ፣ ከፉት ውኃ በኋላ ስለመጣ፣ ምክር መሰለ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው ምራቲቱ የገባችው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። ልጆቹን አራግፋ ሌሎቹን እስክትጭን ድረስ ባላት ጊዜ፣ አንድ እጇ መሪው ላይ፣ አንድ እጇ ምሳዋ ላይ ሆኖ የኖረች ሴት ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ አማቶቿ ቤት ስትበላ፣ እማማ የመጀመሪያዋን ፉት ውኃ ሳይጠጡ ሳህኗን አጽድታ «ሌላ አለ?» አለች።

ቤቱ ውስጥ ከዚያ በፊት ሰው ሞቶ እንኳ እንዲህ ያለ ጸጥታ አልወረደም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሾፌሯ» ነች። በስሟ የሚጠራት የለም። እሷም አልከፋትም፤ ማሽከርከር ታውቃለች፣ እነሱ አያውቁም። የከፋት ሌላ ነው። የከፋት የጭራሮ ነገር ነው።

ጭራሮ ምግብ ጉንጯ ውስጥ ታኖራለች። አንዱን ቁራሽ ጧት ጎርሳ ትምህርት ቤት ደርሳ የምትውጠው ይመስላል። አንዳንዴ ሌሊት ሆዴን ትላለች፣ አንዳንዴ የበላችውን ትመልሳለች። ክርኗን ከውስጥ በኩል እያከከች ቀይ አድርጋዋለች። ልብሷ በየዓመቱ አይጠባትም። ሾፌሯ ይህን እያየች እንቅልፍ ታጣለች፤ እማማ ደግሞ እያዩ ይኮሩባታል።

«ልብስ አያያዝ የምታውቅ ልጅ!» ይላሉ። «ጫማዋን እዩልኝ፣ አምና የገዛነው ነው። በእናቷ ብትወጣ ኖሮ እስካሁን አውቶቡሱ ጠብቧት ነበር።»

ሾፌሯ አንድ ክሊኒክ ወሰደቻት። እዚያ ያለው ሰውዬ ሆዷን ነካ ነካ አድርጎ፣ ሽሮፕ ሰጥቶ፣ «ስታድግ ትተወዋለች» አለ። አልተወችውም። ሾፌሯ ትልቅ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስትል ባሏ ትከሻውን ነቀነቀ። «ምን ሆነች? አበላሏ እኮ ነው። የእኛ ቤት አበላል ነው» አለ።

እማማም ደመደሙት። «ሐኪም ቤት የሚሄደው የታመመ ነው። ሥርዓት ያለው ልጅ ከምኑ ይታከማል?»

ዛሬ ምሳ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ሾፌሯ ሥጋ ጠብሳለች። ሶፋ ሰሪው ሱቁ በር ላይ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጥንዚዛ ይንጫጫል። «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉን ጣሰ፤ አንዲት ደህና ቁራጭ ጎረሰ፣ ትንሽ አኘካት፣ ዋጣት።

ከዚያ ቆመ። ዓይኑ ሰፋ። እጁ ወደ ደረቱ ሄደ፤ ግን ይሄኛው ምግብን ማክበር አልነበረም። ውኃ ጠጣ። ውኃው በአፍንጫው ተመለሰ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሾፌሯ፣ ተነስታ።

«ቆ... ቆመብኝ።»

«ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል፣ ይናገራል፣ አትጩሂበት!» አሉ እማማ። «አባቴም ቆሞበት ያውቃል። ዳቦ! ደረቅ ዳቦ አምጡለት! ዳቦ ይገፋዋል!»

«እማማ፣ ባይሆን...»

«ዳቦ አልኩ!»

ልጃቸው ታዛዥ ነው። በእሳቸው እጅ ያደገ ነው። ዳቦውን ተቀበለ፣ አኘከ፣ እንባው እየወረደ ዋጠ። ዳቦውም ሄደ፣ ሄደ፣ ሥጋዋ ዘንድ ደረሰ፤ ግን አልገፋትም። አጠገቧ ተቀመጠ። ሶፋው ባለ ሁለት ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ምራቁም አልወርድ አለ። ሾፌሯ ቁልፏን አነሳች። አውቶቡሱ ደጃፍ ነው የሚያድረው፤ ለግል ጉዳይ መንዳት ክልክል ነው፤ ማን ይጠይቃት። ሶፋ ሰሪው ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን እየነካ፣ ሳፋውን ታቅፎ ተቀመጠ። ጭራሮ ከጎኑ፣ እማማ ፊት ለፊት። ከሾፌሯ ራስ በላይ «ከሾፌሩ ጋር ማውራት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አወሩ።

«ሥጋ ማን ጥበሺ አለሽ? ድንች አልነበረም? የእኛ ቤት ሰው ሥጋ...»

«እማማ፣ እየነዳሁ ነው።»

«ንጂ! እኔ መሪሽን ያዝኩብሽ? በአፌ ነው የማወራው።»

ሆስፒታል ውስጥ ሥጋዋ በቱቦው ወጣች። ዳቦውም ወጣ፤ ማን እንዳስገባው ግን ማንም ጮክ ብሎ አልጠየቀም፤ ሾፌሯ ብቻ አንድ ጊዜ አየቻቸው፣ እሳቸውም አንድ ጊዜ ጣሪያውን አዩ። ሶፋ ሰሪው ድምፁ ሻክሮ፣ መድኃኒቱ ገና ሳይለቀው አልጋ ላይ ጋደም ብሏል። ሁሉም አጠገቡ ቆመዋል፤ እማማ በዚህ ጊዜ መስቀያውን ትተው ወንበራቸውን አልጋው ሥር ድረስ ጎትተውታል፤ ወለሉ እስኪጮህ።

ዶክተሯ አንድ ፎቶ በኮምፒውተሩ ላይ አሳየቻቸው። ሮዝ ነገር ነው፤ ክብ በክብ የተሸበሸበ፣ ልክ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ እማማ።

ዶክተሯ ለምራቲቱ መለሰች። «የባለቤትሽ የምግብ ቧንቧ ነው። ጤነኛ ቢሆን ልስልስ ያለ ነበር። እነዚህ ቀለበቶች ብዙ ዓመት የቆየ ቁስለት የሠራቸው ናቸው። እዚህ ታች ደግሞ ጠቧል። መርማሪ ቱቦውን ለማሳለፍ ተቸግረናል፤ ሥጋውስ እንዴት ይለፍ?»

«የምን ቁስለት? ጨጓራ ነው?» አለች ሾፌሯ።

«ናሙና ወስደናል፤ ውጤቱ ሲመጣ ነው ቁርጡ የሚታወቀው። ግን የሚመስለኝ አለርጂ ነው።»

«አለርጂ!» አሉ እማማ። «አለርጂማ ያስነጥሳል እንጂ ሥጋ ያንቃል እንዴ?»

ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሳቸው ዞረች፤ ግን ከፊሏን ብቻ። «ያስነጥሰዋል?»

«የስፖንጅ አቧራ ካገኘው ቤቱ ይናወጣል» አለች ሾፌሯ፣ ቀድማ። ሁልጊዜ ትቀድማለች።

«አያችሁ። አንዳንዱ ሰው ላይ ነገሩ አፍንጫ ላይ አይቆምም። የሰውነት ዘብ የሚበላውን ምግብ ጠላት ነው ብሎ ይነሳና ቧንቧው ላይ ይዘምታል። ወተት ይሁን፣ ስንዴ ይሁን፣ እንቁላል ይሁን፣ እንደ ሰውየው ነው። ቧንቧው ያብጣል። በዓመታት ጠባሳ ይሆንና እየደረቀ እየጠበበ ይሄዳል። መድኃኒት አለው፤ የሚያስቆጣውን ምግብ ለይቶ መተው አለ፤ የጠበበውንም እናሰፋዋለን። ክፉው ነገር፣ ሰው ሳያውቀው ይለምደዋል። ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል፣ ብዙ ያኝካል፣ በውኃ ያወርዳል፣ ሥጋ ይሸሻል። በሽታውን በአበላል ይደብቀዋል።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ተቀየረ። ሾፌሯ ባሏን አየች። ባሏ አንሶላውን አየ። ሁለቱም ወደ እናትየው እንዳይዞሩ አንገታቸውን ሲታገሉ ታዩ።

«ይህ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል፣» ቀጠለች ዶክተሯ። «ቤታችሁ ውስጥ ሌላ ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው አለ?»

«ቀስ ብሎ የሚበላ የለም፣» አሉ እማማ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው። «በሥርዓት የሚበላ ነው ያለው። እናንተ በማንኪያ እየዛቃችሁ ስለምትኖሩ ሥርዓት ስታዩ በሽታ ይመስላችኋል። አባቴን በመቃብሩ ታማሚ ልትይው ነው?»

ዶክተሯ ግን እሳቸውን አልሰማችም። ዓይኗ ጭራሮ ላይ ነው። ጭራሮ ብስኩቷን ነክሳ፣ አኝካ፣ አኝካ፣ አኝካ ዋጠች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከጠርሙሱ አንድ ፉት ውኃ ጠጣች። ዝም አለች።

«ይቺን ልጅ ማን ነው የሚያያት?» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ።

ሾፌሯ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ማስመለሱን፣ ሆዷን፣ ክርኗን፣ አምና የተገዛውን ጫማ። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። «ሕፃናት ላይ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ምግብ እምቢ ይላሉ፣ ያስመልሳቸዋል፣ አይወፍሩም፣ አያድጉም። ቆመብኝ የሚሉት በኋላ ነው፣ ሲጠብ። አሁን ከተያዘ እንደ አባቷ አይሆንም። እኔ እሷንም በቱቦ ማየት አለብኝ።»

«አይሆንም፣» አለ ሶፋ ሰሪው ከአልጋው፣ በሻከረ ድምፅ። «ያን ነገር በእሷ ጉሮሮ? አይሆንም። እኔ ትልቅ ሰውዬ ስፈራ...»

«አስተኝተናት ነው፤ ምንም አይሰማትም።»

«አልታመመችም። ክሊኒክም ወስደናት ነበር፣ ስታድግ ትተወዋለች ብለዋል። አበላሏ ነው፤ ቤታችን እንዲህ ነው የሚበላው። እማዬ፣ ንገሪያት! አንቺ ንገሪያት እንጂ!»

እንግዲህ ሁሉም ዞሩ። ልጅየው፣ ምራቲቱ፣ አልጋ የሚገፋው ሰውዬ፣ ያቺ ባለ እስክሪብቶዋ ዶክተር ሳትቀር ሙሉ በሙሉ ዞረች። እማማ ከገቡ ጀምሮ የተመኙት ይህን ነበር፤ ይኸው ተጠየቁ። ጥያቄ እንደ ዝናብ ነው፤ ሲፈልጉት ይጠፋል፣ ልብስ ሲያሰጡ ይመጣል።

አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው። «አልታመመችም» ቢሉ ልጃቸው ተነስቶ ሁሉንም አውቶቡስ ያሳፍራቸዋል። ታዛዥ ነው። በእሳቸው ቃል ደረቅ ዳቦ የዋጠ ሰው ነው።

እማማ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ጭራሮን አዩ። ጭራሮ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አሁንም አላነሳችም። ሌላ ቀን ቢሆን «ምግብን ማክበር የምታውቅ የእኔ ልጅ» ይሉ ነበር። አሁን ግን እጇ ከየት እስከ የት እንዳለ አዩ። ልክ እሳቸው ራሳቸው የሚይዟት ያቺው ቦታ ናት።

«አንቺ ሾፌር፣» አሉ ድንገት። «ስትውጪ ምን ይሰማሻል?»

«ምኑ?»

«ምግቡ ነዋ። ከዚህ ወደዚህ ሲወርድ።»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም ማለት ምንም ነው፣ እማማ። ከአፌ ካለፈ በኋላ የት እንደደረሰ አላውቅም። ሆዴ ሲሞላ ነው የማውቀው።»

እማማ ይቺ ሴት የታወቀች ስግብግብ ስለሆነች ምስክርነቷን አልተቀበሉም። ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔም ምንም አይሰማኝም።»

«አንተስ፣ አልጋ የምትገፋው?»

ሰውየው ደነገጠ። «እኔ? እኔማ፣ እማማ፣ የበላሁትንም አላስታውስ።»

እማማ ወደ ኋላ ተደገፉ። ይህን ሁሉ ዘመን! ይህን ሁሉ ዘመን ሰው እየበላ ሲስቅ፣ እየበላ ሲያወራ፣ እየበላ ሲሮጥ ሲያዩ፣ ሕመሙን ችሎ የሚያደርገው መስሏቸው ነበር። ጉሮሯቸው ሸክም ሲያልፍበት የሚያቃስት፣ እነሱ ግን በስግብግብነታቸው የማይሰሙት መስሏቸው ነበር። ለካ ለእነሱ በሩ ክፍት ነው! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ጉሮሮማ ጭራሽ ጠላት ሆኖ ኖሯል።

«የእኔ እኮ እያንዳንዷ የት እንደደረሰች አውቃታለሁ፣» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ልክ እንደዚህች ሴትዮ አውቶቡስ በየፌርማታው ትቆማለች። እዚህ ትቆማለች። እዚህ ትቆማለች። ውኃ ካልላክሁላት አትነሳም።»

«የእኔም እዚህ ነው የምትቆመው፣ አያቴ» አለች ጭራሮ። በብስኩቱ ጫፍ አሳየች። «ደግሞ ታቃጥላለች። የአንቺስ?»

ሾፌሯ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ለምን አልነገርሽንም?» አለ ሶፋ ሰሪው፣ ድምፁ ከበፊቱ ይልቅ ሻክሮ።

«ምኑን?» አለች ጭራሮ፤ በጣም ገርሟት። «ሁላችንም እንደዛ አይደለን?»

እማማ በአፍንጫቸው ተነፈሱ። ብድግ አሉ፤ ነጠላ ጫማቸው ወለሉን አፋጨው። አልጋው አጠገብ ሄደው ልጃቸውን ከላይ አዩት።

«አንተ፣ ሰማህ? አይሆንም አልክ ደግሞ! ምራቅህን መዋጥ ሳትችል በሳፋ ስትዞር ዋልክ፣ አሁን ተነስተህ የጉሮሮ ዳኛ ሆንክ። ጭራሮን ማን ይያት የሚለውን እኔ ነኝ የምናገረው። ንገሪያት ብለህ የለም? ይኸው ልነግራት ነው።»

«እማዬ፣ ቱቦው እኮ ከባድ ነው። አታውቂውም...»

«ዳቦውን ስሰጥህ ከባድ ነው አላልክ። ዝም በል።»

ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞሩ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አውጥታለች። አንድ ደንብ ለመናገር አፏን ስትከፍት እማማ ቀደሟት፤ በሕይወታቸው አንድን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀደሙት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ቀጠሮ ያዢ። ዛሬ ምሳ በልተናል፣ አይሆንም ትይኝ ይሆናል፤ እሺ። ነገ ጧት ምንም ሳንቀምስ እንመጣለን፤ ይቺ ሾፌር ታመጣናለች፣ መንዳትስ ትችላለች። መጀመሪያ እኔን ታስገቢያለሽ።»

«እማማ፣ እርስዎን ለማየት በቅድሚያ የልብዎን፣ የዕድሜዎን...»

«ዕድሜዬን አልሸጥኩልሽም። ልቤን ከፈለግሽ እዪው፤ ጠንካራ ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ምግብ እየወረደበት ኖሯል። ግን እኔን ታስቀድሚያለሽ። ጭራሮ በዚያ በር ገብቼ፣ ቱቦሽን ውጬ፣ እየተሳደብኩ ስወጣ ማየት አለባት። የእኔን ስድብ ከሰማች አትፈራም። ቀጥሎ እሷ። ያንቺ ማሽን አያልፍም ካለ ደግሞ አስፊልኝ፤ ሥጋ የሚሉትን ነገር ሳልሞት ልቅመሰው። የምንተወውን ምግብ ጽፈሽ ለሾፌሯ ስጪያት፤ እኔ አላነብም፣ እሷ ታንብብልኝ፤ ሳታኝክ የምታነብ ቢሆንም።»

ሾፌሯ ከመስኮቱ ሳትዞር ሳቀች፤ ወይም አለቀሰች፤ ከጀርባ አይለይም።

«ሌላ አንድ ነገር፣» አሉ እማማ፤ ወንበራቸውን አንስተው ከዶክተሯ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት እስኪነካካ አስጠግተው ተቀመጡ። «የዚህ ልጅ ጉሮሮ መቼ እንደጀመረው፣ የአባቴ እንዴት እንደነበር፣ የእኔ የት የት እንደሚቆም፣ የማውቀው እኔ ነኝ። ያቺ ሴትዮ ያገባችው ትናንት ነው። ስለዚህ እስክሪብቶሽን ያዢ፣ ወደዚህ ዙሪ፣ እኔን ጠይቂኝ።»